በደብዳቤ ግርጌ የሚጻፍ ሩሲያኛ

እናቴ ሩሲያኛ መማር የጀመረችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማረችበት ስለሆነ፣ ትምህርት አንዴ ከተጀመረ በዓመት አንድ ቋንቋ የሚያዝ መስሏት ነበር። የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ከአባቴ ፎቶግራፍ ጎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ አባቴን ዘልላ እሱን ነበር የምታሳየው።

ቤታችን ጎፋ ነበር፤ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። አባታችን እኔ አሥራ ስድስት፣ ወንድሜ አሥር ዓመት ሲሞላው ስለሞተ፣ እናቴ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ነው ያሳደገችን። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ታይፕ ተማርኩና ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። ወንድሜ ግን ለትምህርት የተፈጠረ ልጅ ነበር። ማትሪክ ሲወስድ ከትምህርት ቤቱ ከፍተኛውን ውጤት አመጣ፤ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ምህንድስና እንዲማርም ተመረጠ።

እናቴ ዜናውን ስትሰማ እልል አላለችም። «ጦርነት አለ ወይ እዚያ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። የለም አልናት፤ ብርድ ነው ያለው አልናት። በዚያ ሰሞን የጎረቤቶቻችን ልጆች ከመንገድ እየታፈሱ ወደ ማሠልጠኛ ይወሰዱ ስለነበር ብርድ ለእሷ ምንም አልነበረም። «ብርድማ ጋቢ ይመክተዋል» አለችና ከዚያ በኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ያስተማረን ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር መካኒክ ነው። የትራክተር ጥገና ሊማር ራሽያ ሄዶ ዘጠኝ ወር ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነበር። ወንድሜ እዚያ ሲደርስ አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋ ብቻ እንደሚማር ተነግሮናል፤ እናቴ ግን «ልጄ ዲዳ ሆኖ ሰው አገር አይገባም» አለች። መካኒኩን እሑድ እሑድ ምሳ እየጋበዘች አስተማሪ አደረገችው። እሱም በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና «ለመንገደኛ ሃያ ቃል ይበቃዋል፤ ሌላውን በጣቱ ይጠቁማል» ብሎ ይጀምራል።

ሦስታችንም ደብተር ይዘን እንቀመጣለን። ሩሲያኛውን በራሳችን ፊደል ነበር የምንጽፈው። ዝድራስትቩይቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ይቺን አልወደደቻትም፤ ሰላምታው እስኪያልቅ ሰውየው አልፎ ይሄዳል አለች። ስፓሲባ፣ አመሰግናለሁ። ፓዣሉስታ፣ እባክህ። ግዴ አፕቴካ፣ መድኃኒት ቤቱ የት ነው። ያ ኒ ፓኒማዩ፣ አልገባኝም። ስኮልካ ስቶይት፣ ዋጋው ስንት ነው። ይቺን ወዲያው ያዘቻትና በማግሥቱ ጉሊት ላይ ሴቶቹን ስታስቅባት ዋለች።

መካኒኩ ያላሰበውን ደግሞ እሷ ትጠይቀዋለች። በረደኝ እንዴት ይባላል? ምኔ ሆሎድና። አመመኝስ? ምኔ ፕሎሃ። አንድ እሑድ ብዕሯን አስቀምጣ «እናት አለኝስ እንዴት ይባላል?» አለችው። ሰውየው ሳቀ።

«ይሄ ለምን ይጠቅመዋል እማማ?»

«ክፉ ሰው ሲገጥመው እንዲነግረው ነዋ።»

ኡ ሜንያ የስት ማማ። ወንድሜ እያፈረም ቢሆን ጻፈው።

ከሁሉም በላይ የወደደቻት ግን ፍስዮ ሃራሾን ነው። መካኒኩም ለዚች ቃል ልዩ ፍቅር ነበረው። «ይቺ ሁሉንም ትሸፍናለች» ይላል። «ፖሊስ ቢጠይቅህ፣ ሐኪም ቢጠይቅህ፣ በረዶ ላይ ወድቀህ ቢያነሡህ፣ ፍስዮ ሃራሾ ነው የምትለው። ሁሉም ደኅና ነው ማለት ነው።» እናቴ ትንሽ አሰበችና «እንደኛ እግዚአብሔር ይመስገን ነዋ» አለች። ነገሩ ገብቷታል። እኛ አገርም ሰው ሊሞት እያጣጣረ እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው።

ወንድሜ በመስከረም ሄደ። ቦሌ ላይ ሻንጣውን ይዞ ወደ ውስጥ ሲገባ እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል «ፍስዮ ሃራሾ?» ብላ ጮኸችበት። አፍሮ፣ ሳይዞር፣ እጁን ብቻ አነሣላት።

ደብዳቤው የሚመጣው በመሥሪያ ቤቴ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ወር ይደርሰናል። ፖስታው ብዙ ጊዜ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ይመስላል። ስለዚህ እሱ ደኅና ነኝ ይላል፣ እኛም ደኅና ነን እንላለን። በዚያ ዘመን በደብዳቤ ላይ ደኅና ያልሆነ ሰው አልነበረም። አራቱን ገጽ የሚጽፈው ለእናቴ ነው፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ጎመን ሾርባው፣ መንገድ ላይ ፀጉሩን ሊነኩ ስለሚጠይቁት አሮጊቶች። ለእኔ መጨረሻ ላይ «እታለምን ሳሚልኝ» የምትል መስመር ትደርሰኛለች። ደብዳቤውን የምቀበለው እኔ፣ የማነበው እኔ፣ መልሱን የምጽፈው እኔ፣ ቴምብር የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከሥራ ወጥቼ እናቴን ከጉሊት እያነሣሁ የማመጣትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አንቺስ እንዴት ነሽ አላለኝም። ይህ ያናድደኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም፤ አሁን የምናገረው ኋላ ላደረግሁት ነገር ድርሻ ስላለው ነው።

መልሱን እናቴ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስናበቃ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ትደፋና ከግርጌው በራሷ እጅ ትጽፋለች፤ ፍስዮ ሃራሾ። ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባት ነበር። ፊደሎቿ ከመስመሩ በላይ ይንሳፈፋሉ፤ «ሾ» ላይ ስትደርስ ብዕሩን ሁለት ጊዜ ታነሣለች። ወንድሜ ደብዳቤው ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው ግርጌውን እንደሆነ ጽፎልን ያውቃል። ላይኛው የእታለም ነው፣ ታችኛው የእማዬ ነው ይል ነበር።

በሄደ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የእናቴ እግር ማበጥ ጀመረ። ኩላሊት ነው አሉ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። አንድ ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ «ለልጄ እንዳትነግሩት» አለችኝ። ሕመሟን ማለቷ ይሁን ሞቷን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በጥቅምት ሞተች፤ ገብርኤል ቀበርናት።

ድንኳኑ ጎፋ ደጃችን ላይ ተጣለ። በሦስተኛው ቀን የእድሩ ሽማግሌዎችና የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎታችን፣ ጓዳ ጠሩኝ። አጎቴ ነው የተናገረው። «በሰው አገር ብቻውን መርዶ ይስማ እንዴ? ማን ይይዘዋል? ማን ድንኳን ይጥልለታል? ትምህርቱን ጥሎ ቢያብድ ማን ይጠየቃል? ተምሮ ይምጣ። መርዶው የትም አይሄድም።» ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ያዘነውን ሰው የሚይዙት እጆች በአጠገቡ ሆነው ነው። እኔም ተስማማሁ። እምቢ ማለት ይቻል እንደነበር እንኳ ትዝ አላለኝም።

ለእነሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለእነሱ ነበር፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት በአርባዋ ማግሥት ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ነው። «እማዬ ደኅና ናት፣ ቲማቲም ተወደደ ትላለች» ብዬ ጀመርኩ። ላይኛውን መጻፍ አልከበደኝም፤ ድሮም የኔ እጅ ነበር። ግርጌው ነው የገደለኝ። የድሮ ደብተሯን አጠገቤ ዘርግቼ፣ ከቢሮ ባመጣሁት የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ፍስዮ ሃራሾ፣ ፍስዮ ሃራሾ እያልኩ ሁለት ቀን ተለማመድኩ። ሲመስልልኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስታዬ አስጠላኝና የተለማመድኩበትን ወረቀት ሁሉ ከሰል ላይ ጨመርኩት።

ሰው ሁሉንም ነገር ይለምዳል። ዓመት ሳይሞላ የእናቴን አነጋገር ከእናቴ የተሻለ ቻልኩበት። ቀልድ እየፈጠርኩ በአፏ አስገባሁ። ከጎረቤት ጋር አጣላኋት፣ አስታረቅኳት፣ ጉንፋን አስያዝኳት፣ አዳንኳት። ወንድሜ ፎቶ ላኩልኝ ብሎ ሲጨቀጭቅ «ጥርሴ ወልቆ ምን ፎቶ ያምረኛል ትላለች» ብዬ ጻፍኩ። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሆድ እስኪያማቸው እንደሳቁ በሚቀጥለው ደብዳቤ ነገረን። ቢሮ ውስጥ አንብቤው እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ትልቁ ጭንቀት ደብዳቤው ሳይሆን ሰው ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ አለ በተባለ ቁጥር አጎቴ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያስምለዋል። አንድ ክረምት ደግሞ ከወንድሜ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ተማሪ ለእረፍት መጣና ለእናቴ የተላከ የሱፍ ሻርፕ ይዞ ደጃችን ቆመ። ትሕትና ያለው፣ ከሶዶ አካባቢ የመጣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በትናንትናው አውሮፕላን ነው የገባው።

«እማማ የሉም?» አለኝ።

ለእሱ መዋሸት አቃተኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እንዳይናገርም ለመንኩት። ልጁ ሻርፑን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ አቀረቀረ። ያዘነ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን የፈራ ሰው ፊት ነው።

«አባቴን ገና አላየሁትም» አለኝ። «ነገ ነው ወደ ሶዶ የምሄደው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።»

በርታ አልኩት። ምሳ ሳይበላ ሄደ። አባቱ በሕይወት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለወንድሜ ግን ቃሉን ጠብቆ አልነገረውም፤ እማማ ሻርፑን ለብሰው መረቁህ ብሎት ነበር። እንግዲህ ውሸታችን ሰው እየጨመረ ሄደ።

በስድስተኛው ዓመት፣ የካቲት ውስጥ፣ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ደብዳቤ መጣ። የላይኛው ገጽ ላይ «እታለም፣ ይህን ለእማዬ ብቻ አንብቢላት፤ አጎቴ እንዳይሰማ» ይላል። ቢሮው ውስጥ ሰው ስለነበር ታይፕ የምመታ መስዬ ከጽሕፈት መኪናው ጀርባ አነበብኩት። አብራው የምትማር ሴት አለች። ከእሱ ልጅ አርግዛለች። ሐምሌ ላይ ይመረቃል። መምህሩ ለተጨማሪ ትምህርት እዚያው እንዲቆይ ጠይቀውለታል፤ ከቆየ ሊያገባት ይችላል። ከመጣ ግን ብቻውን ነው የሚመጣው፤ የእሷ ፈቃድ ይገኝ አይገኝ የሚያውቅ ሰው የለም። መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «እማዬ፣ መወሰን አቅቶኛል። ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ። ና ካልሽኝ ትቼ እመጣለሁ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር።

ያን ደብዳቤ ሦስት ሳምንት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ከጎፋ ነፋስ ስልክ በእግሬ ስሄድ በየመንገዱ ቆሜ እንደገና አነበዋለሁ። እውነቱን ልጽፍለት ሁለት ጊዜ ጀምሬያለሁ። «እማዬ ሞታለች» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር በእጄም በታይፕም ሞከርኳት። ወንድሜ እሷን አንብቦ፣ በዚያ በረዶ፣ ኮሪደር ላይ ብቻውን ሲቆም ይታየኛል፤ ማንም አይይዘውም። ቀደድኩት። አጎቴን ላማክር እንዳልል፣ አይስማ ብሏል። ከሰማ ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ።

እናቴ ብትኖር ምን ትል ነበር? ብዙ ሰው ይህን አላውቅም ብሎ ይገላገላል። እኔ አውቃለሁ። ባል ሞቶባት ሁለት ልጅ በጉሊት ያሳደገች ሴት ናት። ሴት አስረግዘህ ጥለሃት ና የምትል አልነበረችም። «ልጅህን ይዘህ እዚያው ኑር፤ እኔ እዚህ እጸልያለሁ» ነበር የምትለው። ምናልባት ሕፃኑን በሩሲያኛ ሰላም የምትልበትን ቃል መካኒኩ ቤት ሄዳ ትጠይቅ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ለምን እንደጻፍኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ደክሞኝ ነበር። ውሸቱ እንዲያልቅ ፈለግሁ፤ የሚያልቀው ደግሞ እሱ መጥቶ መርዶውን ሲሰማ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ከሞተች ሴት ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፍኩ ነው የምኖረው። ወንድሜን ፈልጌው ነበር። አንዲትን የማላውቃት ሴት ደግሞ፣ እዚያ ሩቅ ሆና እሱን ስለያዘችብኝ፣ ጠላኋት። ስለ ልጁ አላሰብኩም። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ በእውነት አላሰብኩም።

«ልጄ፣ ና» ብዬ ጻፍኩ። «ብቻህን ና። ዐይንህን ሳላይ እንዳልሞት።»

ከዚያ ከግርጌው ፍስዮ ሃራሾ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የእሷን እንዲመስል ሆን ብዬ አንቀጠቀጥኩት።

ወንድሜ በሐምሌ፣ በዝናብ መጣ። ቦሌ ስንቀበለው ረዝሞ፣ ጺም አብቅሎ፣ ትከሻው ሰፍቶ ነበር። እኔን አቅፎ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላዬ ነበር የሚያየው። «እማዬስ?» አለ። አጎቴ ተዘጋጅቶበት ስለነበር ቶሎ ብሎ «ጠበል ገብታለች፤ ነገ ከነገ ወዲያ ትወጣለች» አለው። ወንድሜ ትንሽ ቅር አለው፤ የሚመጣበትን ቀን እያወቀች እንዴት ጠበል ትገባለች አለ። አጎቴ ብስራተ ገብርኤል ወዳለው ቤቱ ወሰደውና አበላው፣ አስተኛው። እኔ ቦሌ የሄድኩት ከልብሴ ጥቁር ነገር ሁሉ አውልቄ ነበር።

ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎችና የጎፋ ጎረቤቶቻችን ጃንጥላ ይዘው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ለብሰው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። አጎቴ በሩን አንኳኳ። ወንድሜ በውስጥ ልብሱ ሆኖ ከፈተ። ስድስት ዓመት ሰው አገር ቢቀመጥም ንጋት ላይ ሽማግሌ ደጃፍ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ አልረሳም። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባው። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ያዙት፤ እያለቀስን ወደ ጎፋ ወሰድነው። ድንኳኑ ተጥሎ ነበር።

ለካ ከዚያ የሚከፋ ነበረ። ወንድሜ እናቱ የሞተችው በዚያው ሳምንት መስሎታል። ማንም መቼ እንደሆነ አልነገረውም፤ መርዶ ነጋሪም ቀን አይነግርም። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቱን እየመታ «ምነው ትንሽ ብትጠብቂኝ! ዐይንህን ሳላይ እንዳልሞት ብለሽ፣ ደረስኩ እኮ እማዬ፣ ደረስኩ እኮ!» እያለ አለቀሰ። የተሰበሰበው ሴት ሁሉ ከእሱ ጋር ያለቅሳል። አብዛኞቹ ግን ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ቦታ ላይ ለዚያችው ሴት ያለቀሱ ናቸው። እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ያቺ ዐይንህን ሳላይ የምትለው ከየት እንደመጣች አያውቁም። እኔ ጓዳ ገብቼ ሰሐን አጥባለሁ። የታጠበውን እንደገና አጥባለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መቃብሯን አሳዩኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ቆይ፣ አረፍ በል አሉት፤ እምቢ አለ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ገብርኤል ስንደርስ ከፊት ከፊት ሄዶ አዲስ አፈር ሲፈልግ በዐይኖቼ አየሁት፤ ትናንት የተቆለለ፣ አበባው ያልጠወለገ። አጎቴ ክንዱን ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። የመቃብሯ ሲሚንቶ ተሰንጥቆ በስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ቀኑን አነበበ። ቀና ሲል አላለቀሰም።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሄደ። ወንዶቹ ውጭ ድንኳኑን ማፍረስ ጀምረዋል። እኔና እሱ የእናታችን አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል።

«ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር» አለ።

«አዎ።»

«ስለ ጥርሷ የጻፍሽልኝ…»

«እኔ ነኝ።»

«ሻርፑስ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ አልተፈታም።»

የፈራሁት ጥያቄም መጣ።

«ታዲያ ና ያለኝ ማነው?»

ውጭ አንድ ሰው ቋሚው እንዳይወድቅ ያዙ ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በእውነት እንዲመታኝ እፈልግ ነበር። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝታኝ ነበር» አለኝ። «ስምንት ወሯ ነው። ልትለምነኝ ነው የመጣችው፤ ከቤት ስትወጣ አውቄባታለሁ። እናቴ ጠርታኛለች አልኳት። ደብዳቤውን አወጣሁና በራሷ ቋንቋ ተርጉሜ አነበብኩላት። እናት ከጠራችማ ሂድ አለችኝ። ሻንጣዬን አንሥታ ባቡሩ ላይ ያስገባችልኝ እሷ ናት፣ በዚያ ሆዷ።»

ተነሥቶ እጅጌውን ሰበሰበና ድንኳኑን ከሚያፈርሱት ጋር ገመድ ሊጠቀልል ወጣ።